ደርቲ ቡጊ፦ ጭብጨባው ይገባዋል ወይስ የማስታወቂያ ትኩሳት ነበር?

አወያይ

የዛሬው ክርክር በአንድ አልበም ላይ ነው። «ደርቲ ቡጊ» ይባላል። የብራያን ሴትዘር ኦርኬስትራ በሰኔ 1998 ያወጣው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እናድርጋቸው፣ እንዳንደናገር። ለማያውቁት፣ ሴትዘር የኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ልጅ ነው። በ80ዎቹ መጀመሪያ ስትሬይ ካትስ በሚባል የሦስት ሰው ባንድ ሮካቢሊን፣ ማለትም የ50ዎቹን የሜምፊስ ሮክ፣ መልሶ አስጨፈረ። በኋላ 17 ሰው ሰብስቦ የስዊንግ፣ ማለትም የ30ዎቹ ትልልቅ ባንዶች የጭፈራ ጃዝ፣ ኦርኬስትራ አቋቋመ። ይህ የኦርኬስትራው ሦስተኛ አልበም ነው። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ 9ኛ ደረጃ ደረሰ። አሜሪካ ውስጥ ለ2 ሚሊዮን ቅጂ የሚሰጠውን ድርብ ፕላቲነም አገኘ። በ1999 ደግሞ ሁለት ግራሚ ወሰደ።

አድናቂዎቹ ዛሬም ስሙ ሲነሳ ይነሳባቸዋል። ሌሎች ግን የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ አቧራውን አራግፎ መሸጥ ነው ይላሉ። ውዳሴው ይገባዋል? ሰው ሳትሰድቡ ተከራከሩ።

ጊታር ሱስ

እኔ ልጀምር። በዚህ አልበም ጉዳይ ሽማግሌ አያስፈልገኝም።

በ30ዎቹ ትልልቅ ባንዶች ውስጥ ጊታር ምን ነበር? ከኋላ ተቀምጦ ምት የሚጠብቅ መሣሪያ። ፍሬዲ ግሪን ከ1937 ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ገደማ የካውንት ቤዚ ባንድ ውስጥ ተጫውቷል። ሶሎው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሴትዘር ይህን ገለበጠው። ብርቱካናማውን ግሬች 6120 ጊታሩን ከፊት አመጣ። ከኋላው አምስት ሳክስፎን፣ አራት ትሮምቦንና አራት ትራምፔት ደረደረ። ጊታሩ ይጠይቃል፣ ትንፋሾቹ ይመልሳሉ። ይህ ድሮ የነበረ ነገር መድገም አይደለም።

«ስሊፕዎክ»ን ስሙት። ሳንቶ እና ጆኒ የሚባሉ ወንድማማቾች በ1959 በስቲል ጊታር የተጫወቱት ዜማ ነው። አንድም ግጥም የለውም። ሴትዘር ዘፈን የሚዘፍን ያህል ነው የሚጫወተው። ከሁለቱ ግራሚዎች አንዱ የተገኘው በዚህ ነው። ማንም ማስታወቂያ ያልሠራበት ዜማ ነው፣ ይህን ያዙልኝ።

ተጠራጣሪው

ጀለስ፣ መሣሪያውን ከቆጠርክ ዘፈኖቹንም ቁጠራቸው እንጂ። 13 ትራክ አለ። ሰባቱ የሌላ ሰው ናቸው። ስምንተኛው «ሮክ ዚስ ታውን» የራሱ ነው፣ ግን ስትሬይ ካትስ በ1981 ያወጣው ነው። ስለዚህ «አዲስ አልበም» ስትሉ ቀስ በሉ።

ማስታወቂያ ካነሳህ ደግሞ እናውራ። ጋፕ የተባለው የልብስ ኩባንያ በዚያው በ1998 ካኪ ሱሪ የለበሱ ወጣቶች ስዊንግ ሲጨፍሩ የሚያሳይ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ለቀቀ። ዘፈኑ የሉዊ ፕሪማ «ጃምፕ ጃይቭ ኤንድ ዌይል» ነው፣ የ50ዎቹ ቅጂው። አሜሪካ ዜማውን በቃሉ ያዘው። ብዙም ሳይቆይ ሴትዘር ያንኑ ዘፈን በአዲስ ቅጂ ይዞ ከች አለ። አልበሙን የሸጠው፣ ሌላኛውንም ግራሚ ያስገኘለት ይኸው ዘፈን ነው። ሕዝቡ የወደደው ሱሪውን ይሁን ሙዚቃውን ማን ያውቃል? 2000 ሲገባ እኮ ትኩሳቱ በርዷል። በዚያ ሰሞን ሬዲዮውን የሞሉትን የስዊንግ ባንዶች ዛሬ ማን ያነሳቸዋል?

ጊታር ሱስ

ኦርኬስትራው ከማስታወቂያው ዓመታት ይቀድማል። የመጀመሪያው አልበም 1994፣ ሁለተኛው 1996። ሁለቱም ብዙ አልተሸጡም። ቀላል ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ማንም በማይሰማበት ዘመን 17 ሰው አስከትሎ ይዞራል? ስትሬይ ካትስን መልሶ ቢሰበስብ አይቀለውም ነበር? ሦስት ሰው፣ አንድ መኪና፣ አለቀ።

ጋሼ ሸክላ

ልጆች፣ የሌላ ሰው ዘፈን መጫወት ወንጀል ከሆነ የስዊንግ ዘመን እንዳለ እስር ቤት ይግባ። የባንድ መሪው ቤኒ ጉድማን በነሐሴ 1935 ሎስ አንጀለስ ፓሎማር አዳራሽ ውስጥ ሕዝቡን ያሳበደው በማን ቅንብር ነበር? ዋና ዋናዎቹ የፍሌቸር ሄንደርሰን ናቸው። ሄንደርሰን የራሱን ባንድ ማቆየት አቅቶት በትኖ፣ ቅንብሮቹን ለጉድማን የሸጠ ጥቁር አቀናባሪ ነው። ጉድማን የሚታወቅበት «ሲንግ ሲንግ ሲንግ» እንኳን የጉድማን አይደለም። የዚሁ የሉዊ ፕሪማ ነው፣ የ1936። በዚያ ዘመን ሁሉም ባንድ አንድ ዓይነት ዘፈን ይጫወት ነበር። የሚለያዩት በቅንብርና በምት ነው።

እንግዲህ የኔ ቅሬታ እዚያ ምቱ ላይ ነው። የ30ዎቹን የቤዚ ባንድ ሸክላ አስቀምጡና ድራመሩን ጆ ጆንስን ስሙ። ድራሙን አይደበድብም። ምቱን ሃይ-ሃቱ፣ በእግር የሚገጠሙት ሁለት ሳህኖች፣ ላይ ያስኬደዋል፣ ባሱ አራቱንም ምት እኩል ይራመዳል፣ የግሪን ጊታር ከባሱ ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። በመሃል አየር አለ። አየሩ ነው የሚያስጨፍረው። ሴትዘር ዘንድ ስኔር የሚባለው ከበሮ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ዷ! ዷ! ይላል። ይህ ሮክ ነው። ቀረጻውም ሁሉንም ነገር ወደፊት ገፍቶታል። ትራምፔቶቹ ቀርበው ጆሮ ላይ ይጮኻሉ።

ስለዚህ ስዊንግ ነው ብላችሁ ከቤዚ ጎን ካቆማችሁት ይከብዳል። ከኋላው አሥራ ሦስት ትንፋሽ ያለው ሮካቢሊ ነው ብላችሁ ካዳመጣችሁት ግን እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። በዚያ ዓይን የሚወዳደረው ጥቂት ነው። የአልበሙ አድናቂዎች የሚሳሳቱት ጥራቱ ላይ አይመስለኝም። ዘመዱን ነው የተሳሳቱት። አባቱ ሜምፊስ ነው፣ እነሱ ሃርለም፣ የኒውዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር፣ ይፈልጉታል።

ሊንዲ በቅዳሜ

ጋሼ፣ «አየሩ ነው የሚያስጨፍረው» ያሉትን ቀርጬ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው። እኔ ሜሪላንድ ነዋሪ ነኝ፣ ሊንዲ ሆፕ የሚባለውን የስዊንግ ጭፈራ እጨፍራለሁ። አዎ፣ ሐበሻ ነኝ። አዎ፣ እስክስታም እችላለሁ።

ተጠራጣሪው ስዊንግን ካኪ ሱሪ ያመጣው አስመሰልከው። አይደለም። ሊንዲ ሆፕ ያደገው ሃርለም፣ ሳቮይ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሳቮይ በ1926 ተከፈተ፣ በ1958 ተዘጋ። ጥቁርና ነጭ አንድ ወለል ላይ የሚጨፍርበት ቤት ነበር፣ ያውም በዚያ ዘመን። ከዚያ ወለል ጀግኖች አንዱ ፍራንኪ ማኒንግ ነው። ሙዚቃው ከፋሽን ሲወጣ ፖስታ ቤት ተቀጠረ። ሠላሳ ዓመት ገደማ እዚያው ሠራ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ማን እንደሆነ ስንቶቹ ያውቁ እንደነበር እንጃ። በ80ዎቹ አጋማሽ ከካሊፎርኒያ የመጡ ሁለት ወጣት ጨፋሪዎች ፈልገው አገኙትና አስተምረን አሉት። በ1989 ብሮድዌይ ላይ ላዘጋጀው ጭፈራ ቶኒ የተባለውን የቴአትር ሽልማት ተሸለመ። ስዊድኖች ደግሞ ሄራንግ በምትባል መንደር ከ1982 ጀምሮ የጭፈራ ካምፕ አላቸው። እና 1998 ለኛ መጀመሪያ አይደለም። ያኔ የጎረፈው ሕዝብ ዘግይቶ የመጣ ነው። ክፍሉን ሞላው፣ ግማሹ ሄደ፣ የቀረው ቀረ። ከቀሩት ውስጥ መጀመሪያ ሴትዘርን ሰምተው የመጡ አውቃለሁ፣ ዛሬ ከጋሼ ጋር ስለ ጆ ጆንስ የሚከራከሩ ናቸው።

አልበሙ ለጭፈራ ይመቻል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሹ ለሊንዲ ይከብዳል። ፈጣን ነው፣ እግር መሬት የሚነካበት ጊዜ አይሰጥም። ጀማሪ ያላበዋል። ርዕሱን የያዘው ዘፈን ግን ይመቻል።

ሌላ የማይወራ ነገር ልጨምር። እኔ የምጨፍረው ግሌን ኤኮ ፓርክ ነው፣ ዲሲ አጠገብ። አዳራሹ ስፓኒሽ ቦልሩም ይባላል፣ በ1933 የተሠራ ነው። ፓርኩ ለነጮች ብቻ ነበር። በሰኔ 1960 መጨረሻ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የልጆች መጫወቻው ፈረስ ላይ ተቀምጠው አንነሳም አሉ። ታሰሩ። ሌሎች ተተኩ። ክረምቱን ሙሉ በር ላይ ሰልፍ ቀጠለ። ፓርኩ ለሁሉም የተከፈተው በ1961 ነው። አስቡት፣ የስዊንግ ዘመን ከላይ እስከ ታች ሲያልፍ፣ ሙዚቃውን የፈጠሩት ሰዎች እዚያ ወለል ላይ መጨፈር አይችሉም ነበር። ዛሬ እኔ ጫማዬን አስሬ ዘው እላለሁ።

ተጠራጣሪው

እህቴ፣ የኔን ነጥብ አንቺ ጨረስሽልኝ። ችግሬ እዚያ ጋ ነው። ሴትዘር እጁ አይችልም ያለ የለም። ጥያቄው ጭብጨባው የሚያርፈው ማን ላይ ነው የሚል ነው።

ሮካቢሊን ራሱን ውሰዱ። ኤልቪስ በሐምሌ 1954 በሳን ሪከርድስ ያወጣው የመጀመሪያ ዘፈን የአርተር ክሩዳፕ ነበር፣ ሚሲሲፒ የተወለደ ጥቁር የብሉዝ ሰው። ክሩዳፕ በ1974 ሲሞት ለዘፈኖቹ የሚገባው ገንዘብ እጁ አልገባም። ፕሪማ ደግሞ የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው፣ የተከተለውም የጥቁሩን ትራምፔት ተጫዋች የአርምስትሮንግን መንገድ ነው። ሴትዘር ከፕሪማ ወሰደ። በእያንዳንዱ ቅብብል ላይ ዋንጫው ወደፊት ይሄዳል፣ ምንጩ ወደኋላ ይቀራል። እና ተቺዎቹ በ1998 ተነስተው «ስዊንግን አዳነው» ሲሉ ያመኛል። ማን ታሞ ነበር? ማኒንግ እኮ በሕይወት ነበር፣ የሞተው በ2009 ነው።

ባለሒሳቧ

ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ እንይ።

አሜሪካ ውስጥ ከ1909ኙ ሕግ ጀምሮ አንድ ዘፈን አንዴ በሸክላ ከወጣ ማንም ባለቤቱን ሳይለምን መልሶ ሊቀዳው ይችላል። በሕግ የተተመነውን መክፈል ግን ግዴታው ነው። በ1998 ተመኑ ለአንድ ዘፈን በአንድ ቅጂ 7.1 ሳንቲም ነበር። ሙሉ ተመኑ ተከፍሎ 2 ሚሊዮን ቅጂ ከተሸጠ 142,000 ዶላር ይሆናል፣ ለአንዱ ዘፈን ብቻ። «ጃምፕ ጃይቭ»ን የደረሰው ፕሪማ ራሱ ነው። እሱ በ1978 ሞቷል፣ ገንዘቡ ወደ ወራሾቹና ወደ አሳታሚው ይሄዳል። እና ሴትዘር እዚህ ላይ ዕዳ የለበትም።

ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ግዌን ስቴፋኒ ከሴትዘር ጋር የተቀባበለችበትን «ዩ አር ዘ ቦስ» ታስታውሳላችሁ? ላቨርን ቤከርና ጂሚ ሪክስ በ1961 ዘፍነውታል። ደራሲዎቹ ሊበርና ስቶለር ናቸው፣ እነሱ ይከፈላቸዋል። ቤከርና ሪክስ ግን ከአዲሱ ቅጂ አንዲት ሳንቲም አይደርሳቸውም። ያ መቀባበል፣ ያ መሽኮርመም፣ ያ ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ ጋር የሚጫወተው ጨዋታ የእነሱ ፈጠራ ነው። ሕጉ ግን ዜማና ግጥም እንጂ አዘፋፈን አይቆጥርም። በዚያ ላይ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያ ዘፈን ሲያጫውት ለደራሲ ይከፍላል፣ ለዘፋኝ አይከፍልም። ብዙ አገር ይከፍላል። እነሱ አይከፍሉም።

ስለዚህ ተጠራጣሪው፣ ንዴትህ ልክ ነው፣ አድራሻው ግን ተሳስቷል። ደብዳቤውን ለኮንግረስ ላክ።

ተጠራጣሪው

ለኮንግረስም ለሴትዘርም አንድ ቅጂ ቢደርሳቸው ምን ችግር አለው? ሕጉ አላስገደደኝም ማለትና ስም ማንሳት ለየቅል ናቸው። ሕግ የሚከለክለው የለም እኮ፣ በየቃለ መጠይቁ «ቤከርን ስሙ» ማለት።

ሳክሲስቱ

አዲስ አበባ ነኝ፣ ለእንጀራዬ ሳክስፎን እነፋለሁ። ሁላችሁም ያለፋችሁትን ነገር ላንሳ፤ ደሞዝ።

ትልልቅ ባንዶች ለምን ሞቱ? ሰው ስለሰለቸ ብቻ አይደለም። ከ1942 እስከ 1944 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ቀረጻ አቆመ፣ በዚያ መሃል ዘፋኞች ያለ ባንድ እየዘፈኑ ገበያውን ወሰዱት። በ1944 መንግሥት ጭፈራና ዘፈን ባለበት ቤት ላይ ግብር ጣለ፣ መጀመሪያ 30 ከመቶ፣ ከዚያ 20። የቤት ባለቤት ምን ያደርጋል? ወለሉን ይዘጋል፣ ባንዱን ወደ አራት ሰው ያወርዳል። እዚህም ያለው ነገር ከዚያ አይርቅም። አንድ ኪቦርድ የትንፋሹን ድምፅ ሁሉ ያወጣል። አሠሪው «ሳክሱ እኮ ኪቦርዱ ላይ አለ» ይለኛል፣ ሳቄን ውጬ እሄዳለሁ። እና አንድ ሰው በ90ዎቹ ተነስቶ አሥራ ሦስት ትንፋሽ ደሞዝ ዝርዝር ላይ ካስገባ፣ እኔ ዘፈኑ የማን ነው ብዬ አልጠይቅም። በየከተማው ስንት ልጅ ትሮምቦን ተማረ ብዬ ነው የምጠይቀው።

ስለ መውሰድ ካነሳን ደግሞ እኛም ንጹሕ አይደለንም እኮ! በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነርሲስ ናልባንዲያን የአበሻን ዜማ ለትልቅ ባንድ ሲያቀናብር ያ የትንፋሽ አሰላለፍ ከየት መጣ? ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ስንል ኖርን አይደል? ፀጉሩ፣ አለባበሱ፣ መድረክ ላይ መወዛወዙ። ማንም ሌባ አላለውም። ዱክ ኤሊንግተን ራሱ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ባንዱን ይዞ ተጫወተ፣ ከሙላቱ አስታጥቄም ጋር ተገናኘ። ሙዚቃ ሲዞር ነው የሚኖረው።

ተጠራጣሪው

ዓለማየሁን ባታነሳው ይሻልህ ነበር፣ ለኔ ነው የመሰከረው። ፀጉሩን ከኤልቪስ ወሰደ፣ እሺ። አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣው አማርኛ ነው፣ ቅኝቱም የራሳችን ነው። ኤልቪስ ቢሰማው አያውቀውም። የተወሰደው ነገር እዚህ መጥቶ ሌላ ነገር ሆነ። ሴትዘር ጋ የሆነ አዲስ ነገር አሳየኝ። ፀጉሩ የ50ዎቹ፣ ኮቱ የ40ዎቹ፣ ጊታሩ 1959።

ጊታር ሱስ

እያሳየሁህ ነው፣ አልሰማም አልክ። ኤሌክትሪክ ጊታር ከትልቅ ባንድ ፊት እንደዚህ እንደፈለገው ሲጮህ በ1940 የት ነበር? ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያን ከጉድማን ጋር ተጫውቷል፣ ዓለምን የቀየረ ሰው ነው፣ ግን በአብዛኛው በትንሹ ቡድን ውስጥ ነበር፣ ድምፁም ሳክስፎን የሚመስል ለስላሳ ነው። ይኸኛው፣ ሴትዘር፣ በአጨዋወቱ የሮካቢሊው ጊታሪስት የኤዲ ኮክራን ወራሽ ነው። ኮክራን በ1960 እንግሊዝ ውስጥ በመኪና አደጋ ሲሞት 21 ዓመቱ ነበር። ትልቅ ባንድ ከኋላው የማቆም ዕድል አላገኘም። ሴትዘር ያንን ያልተሠራ ሙዚቃ ነው የሠራው። ጋሼ ያሉትም ይኸው ነው።

ጋሼ ሸክላ

አዎ፣ ግን ማጋነን ይብቃህ ልጄ። ከ13ቱ ውስጥ እንዲህ የሚባልላቸው ሦስት አራት ናቸው። የቀሩት ጥሩ የሠርግ ባንድ የሚጫወታቸው ናቸው። ሠርጉ ደስ ይላል፣ አልቀርም።

ስለ ግራሚው ግን አንድ ነገር ላስተካክል። ሽልማቱ የጃዝ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አይደለም። ሁለቱም የተሰጡት በፖፕ ዘርፍ ነው፤ አንዱ ለቡድን ድምፃዊ፣ ሌላው ለመሣሪያ ብቻ። መራጮቹ ከቤዚ ጋር አላወዳደሩትም። «ስዊንግን አዳነ» ያሉት የጋዜጣ ሰዎች ናቸው። እነሱን ውቀሱ፣ እኔም አግዛለሁ።

ሊንዲ በቅዳሜ

ለሳክሲስቱ አንድ ነገር። ትሮምቦን የተማረ ልጅ ብለህ የጠየቅከው ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ባለትሮምቦኑ ልጅ ከማን እንደተማረ ካልተነገረው ተጠራጣሪው ልክ ነው። እኛ ጋ ጀማሪዎች ክፍል ሲገቡ የሳቮይ ታሪክ ይነገራቸዋል። ጊዜ አይፈጅም። ሴትዘር መድረክ ላይ «ይህ የሉዊ ፕሪማ ነው» ቢል ትርኢቱ አይረዝምም። በሮካቢሊ ድግሶች ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። አንዳንዱ ሰው የ50ዎቹን ቀሚስና መኪና ሲወድ ለባርነት የተዋጋውን የአሜሪካ ደቡብ ባንዲራ አብሮ ይዞ ይመጣል። «ያ ደጉ ዘመን» ሲሉ ለማን ደግ እንደነበር አይጠይቁም። እኔ ቀሚሱን እለብሳለሁ፣ ባንዲራው ካለ ግን እወጣለሁ።

ተጠራጣሪው

አሁን ገና ተግባባን። እሺ፣ አንድ የመጨረሻ ፈተና ለጊታር ሱስ። ከዚህ አልበም የሴትዘር የራሱ ድርሰት የሆነ፣ ሌላ ባንድ ነገ መልሶ ቢጫወተው የማታፍርበት ዘፈን አንድ ጥራ።

ጊታር ሱስ

«ሮክ ዚስ ታውን»። አሁንም በየመጠጥ ቤቱ ባንዶች ይጫወቱታል።

ተጠራጣሪው

እሱ እኮ ሮካቢሊ ነው።

ጊታር ሱስ

ከጠዋት ጀምሮ ምን እያልኩህ ነው ታዲያ?